በእናት በኩል የወጣ ዘውድ

የነቀምቴና የጉቶ ጊዳ ቤተሰቦች «ከነገሥታት ዘር እንወለዳለንን?» ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ከአባት ቆጠራ ውጭ ይገኛል

በጉቶ ጊዳ ገጠርም ሆነ በነቀምቴ ከተማ ለልጅ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ሠርጉ ቀን ከመነጋገር አስቀድሞ የሚፈጸም ሥርዓት አለ። ሁለቱ ወገኖች በግራና በቀኝ ተቀምጠው፣ ቡናው ፈልቶ፣ የጥንቱን ልማድ በሚያከብሩት ቤቶችም ጫፉ እየተነከሰ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ሳለ፣ ከወንዱ ወገን በዕድሜ የገፉት ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው የልጁን አባት፣ የአባቱን አባት፣ የዚያንም አባት እያሉ በእያንዳንዱ ስም አንዳንድ ጣት እያጠፉ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ከሴቷ ወገን የተቀመጡትም በበኩላቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁለቱ ቆጠራዎች ከሰባተኛው ትውልድ ወዲህ በአንድ ስም ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ጋብቻው ይቀራል፤ ካልተገናኙም ነገሩ ወደ ከብቱና ወደ ድግሱ ያልፋል።

የሚቆጥሩት ወንዶች ናቸው፤ የሚቆጠሩትም ወንዶች ናቸው። ነገር ግን ቆጣሪው አንድ ስም የዘለለ ወይም ታናሹን ከታላቁ ያፋለሰ እንደ ሆነ፣ እርማቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጓዳው በር አጠገብ ነው። አንዲት አሮጊት የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ እንደ ያዙ፣ ድምፃቸውንም ብዙ ሳያነሡ፣ «የለም፣ እርሱ ታናሽየው ነው፤ የታላቁ እናት ከአርጆ የመጣችው ናት» ብለው ያቀኑታል። አሮጊቷ የእናቶቹን ስም ያወቁት ማንም ተቀምጦ አስተምሯቸው አይደለም፤ ማን የማንን ልጅ እንዳገባ፣ የትኛዪቱ ከየት መጥታ በማን ቤት እንደ ወለደች፣ የአራስ ቤትና የቡና ጨዋታ ሆኖ ከሴት ወደ ሴት ሲተላለፍ ስለ ኖረ ነው።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ በዚህ ዘመን በወለጋ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች፣ ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የሚመጡትም ልጆች፣ አንድ ጥያቄ እየደጋገሙ ስለሚያነሡ ነው። ጥያቄያቸው «እኛ ከወራ በከሬ ነን ወይ?» የሚል ነው። ወራ በከሬ ነቀምቴን ያቀኑትና አራት ትውልድ ያህል የገዟት የበከሬ ጎዳና ወገን ነው።

የበከሬ ቤት

በነቀምቴ ከተማ መካከል የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እየተባለ የሚጠራው ቅጥር ግቢ እስከ ዛሬ አለ። በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡት ቤቶቹ፣ የእንጨት ሥራቸው የእጅ ጥበብ የሚታይበት በረንዳቸውም ጭምር፣ አንድ የአገር ገዥ እንዴት ይኖር፣ እንዴት ይፈርድ፣ እንግዳውንስ እንዴት ይቀበል እንደ ነበረ በዓይን ያሳያሉ።

የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ነው። በመጫ ኦሮሞ ምድር የገዳ ሥርዓት እየላላ፣ የጦር አበጋዞችም በገበያውና በንግድ መንገዱ ላይ እየበረቱ በመጡበት በዚያ ዘመን፣ በከሬ ጎዳና የተባሉት የሌቃ ሰው በዙሪያቸው የነበሩትን ባላባቶች እያስገበሩ ሞቲ፣ ማለት ንጉሥ፣ ለመባል በቁ። ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ ግዛቱን አጽንተው ተቀምጠው ሳለ፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋጉ፤ ድሉም ለሸዋ ሆነ። ሞሮዳም ከምኒልክ የጦር አበጋዝ ከራስ ጎበና ዳጬ ሠራዊት ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ገብሮ ማደርን መረጡ፤ በዚህም ምክንያት ሌቃ ነቀምቴ በየዓመቱ ወርቅ እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን በገዛ ባላባቶቿ እጅ ለማቆየት ቻለች። እ.ኤ.አ. በ1889 ሞሮዳ ሲያርፉ የተተኩት ልጃቸው ኩምሳ ናቸው፤ እርሳቸውም ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ በደጃዝማችነት ማዕርግም ገዙ። ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ሥልጣኑን ይዘው እስከ ጣሊያን ወረራ ደረሱ።

ትውልድ ፈላጊውን የሚያሰናክለው የመጀመሪያው ዕንቅፋት እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ሰው በሕዝቡ አፍ ኩምሳ፣ በደብዳቤው ላይ ገብረ እግዚአብሔር ነው። በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድ፣ ፈላጊው አንዱን ስም ተከትሎ መዝገብ ሊያገላብጥ ይችላል። በእኛ አገር ግን እያንዳንዱ ትውልድ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ የቀበሌ መታወቂያ የሚይዘው የባለቤቱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው በሰው ኅሊና ውስጥ የተቀመጠ ነው። በዚህ ላይ የክርስትና ስም ሲጨመርበት፣ የአንድ ቤት ልጆች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ በሁለት ሐረግ ሊጻፉ ይችላሉ።

ለጎብኝዎች ታሪክ የሚያስረዱ ሰዎች እንደሚሉት፣ ግቢውን አይቶ የጨረሰ የአካባቢው ልጅ ሲወጣ የሚጠይቀው ጥያቄ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አያቱ በዚህ ቤት ስላደጉ፣ ወይም የአያቱ አባት ከሞቲው ጋር ስለ ዘመቱ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ «እኛ እኮ የትልቅ ሰው ዘር ነን» ሲባል ሰምቶ ስላደገ፣ የእርሱ ስም ከዚያ ሐረግ ላይ የትኛው ቦታ እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ የታሪክ መምህር ይህን ምኞት ከንቱ ውዳሴ አድርጎ ይመለከተዋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ሰው የተወለደበትን ማወቅ ቢፈልግ ትክክለኛ ፍላጎት ነው፤ ሊመረመር የሚገባው የሚፈልግበት መንገድ ነው።

*«ኩምሳን የሚፈልግ ሰው በወረቀቱ ላይ ገብረ እግዚአብሔርን ያገኛል»*

የአያቶች ብዛት

እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ቁጥሩ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ ከአሥር ትውልድ በኋላ 1,024 ይደርሳል፤ ከሃያ ትውልድ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል፤ ከሠላሳ ትውልድ በኋላ ግን በዚያ ዘመን በምድር ላይ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ይሆናል። ይህም የሚያስረዳን፣ ወደ ኋላ በራቅን መጠን ሐረጎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚጠላለፉ፣ አንዱም ሰው በብዙ መንገድ ደጋግሞ አያታችን እንደሚሆን ነው።

እንግሊዞች ይህን ሒሳብ በራሳቸው ነገሥታት ላይ አስልተውታል። እ.ኤ.አ. በ1377 የሞተው ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ብዙ ልጆች ነበሩት፤ የልጆቹም ልጆች ከመሳፍንቱ ጋር፣ የእነዚያም ታናናሾች ከባለ ርስቶች፣ ከነጋዴዎችና ከቀሳውስት ጋር እየተጋቡ ስለ ወረዱ፣ ዛሬ ከእንግሊዝ ዘር የሚወለድ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ንጉሥ ልጅ ልጅ እንደ ሆነ የዘር ጥናት ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚያ አገር ብርቅ የሚባለው በሰነድ ማስረዳቱ ነው። ለዚህም የሚረዳቸው፣ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1538 እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ መታዘዙ ነው። ገበሬውም፣ አናጺውም፣ ገረዲቱም በዚያ መዝገብ ላይ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ይህን ሒሳብ እንዳለ አንሥቶ በነቀምቴ ላይ መጫን ስሕተት ይሆናል። ኤድዋርድ ከሞተ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በከሬ ግን ትላንት ያህል ናቸው። በስድስትና በሰባት ትውልድ ውስጥ የአንድ ሰው ደም አንድን አገር በሙሉ አያዳርስም። «ሁላችንም የበከሬ ልጆች ነን» ማለት እንግዲህ አይቻልም። የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፤ የበከሬ፣ የሞሮዳና የኩምሳ ሴቶች ልጆች፣ የልጆቻቸውም ሴቶች ልጆች፣ ለቅርብና ለሩቅ ባላባት፣ ከዚያም ለጭፍራውና ለገበሬው ልጅ እየተዳሩ ወጥተዋል፤ የወለዷቸውም ልጆች በአባት ቆጠራ ላይ በሌላ ስም ተጽፈዋል። ዛሬ በኡኬ ገበያ ቡና የሚሸጥ ሰው ሰባት አባቶቹን ያለ ስሕተት ቆጥሮ፣ የእናቱ እናት ከሞቲው ቤት የወጣች መሆኗን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

አባትን ብቻ መቁጠር ከሸማ ላይ አንድ ድር መምዘዝ ነው፤ ድሩ እውነተኛ ክር ነው፤ ሸማውን ግን አያሳይም።

በመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው ንጉሥ

የእናት ሐረግ ምን ያህል ጠንካራ ምስክር እንደ ሆነ ለማስረዳት ከዚሁ ከእንግሊዝ አገር የተገኘ አንድ ነገር ልጥቀስ። ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ እ.ኤ.አ. በ1485 በቦስወርዝ ጦርነት ላይ ወድቆ በሌስተር ከተማ በአንድ ገዳም ተቀበረ። ገዳሙ ፈረሰ፤ ቦታውም ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት በከተማው ውስጥ ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሲቆፍሩ የጀርባ አጥንቱ ወደ ጎን የተጣመመ፣ የራስ ቅሉ በስለት የቆሰለ አፅም አገኙ።

የማን አፅም እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ሁለት መንገድ ተሞከረ። የመጀመሪያው መንገድ በወንድ ብቻ የሚወርደውን የዘር ምልክት መመርመር ነበረ፤ በወንድ ሐረግ ከንጉሡ ወገን እንወለዳለን ከሚሉ ወንዶች ናሙና ተወሰደ፤ ከአፅሙ ጋርም አልገጠመም። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ በመዝገብ ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው ሰው እውነተኛው አባት አልነበረም ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ምልክት መመርመር ነበረ። የንጉሡን እኅት ሴቶች ልጆች፣ የልጆቿንም ልጆች እየተከተሉ ብዙ ትውልድ ሲወርዱ፣ በካናዳ ተወልዶ በለንደን የሚኖር አንድ የቤት ዕቃ አናጺ ላይ ደረሱ። የአናጺው ምልክት ከአፅሙ ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2015 አፅሙ በሌስተር ካቴድራል በክብር ሲያርፍ፣ የተቀበረበትን ሣጥን የሠራው ይኸው አናጺ ነው።

በሰባት ጋሻ ጃግሬ ታጅቦ፣ በማኅተምና በዓርማ ተጠብቆ የወረደው የአባት ሐረግ ተበጠሰ፤ ማንም ልብ ያላለው፣ በየትውልዱ ስሙን እየለወጠ በየሰው ቤት የገባው የእናት ሐረግ ግን ጸንቶ ተገኘ። ይህን ያነበበ የነቀምቴ ሰው ከጓዳው በር አጠገብ የተቀመጡትን አሮጊት ሳያስብ አይቀርም።

በምራቅ የሚደረገው የዘር ምርመራ ዛሬ በባሕር ማዶ በሚኖሩ ልጆቻችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ምርመራው ዘመድን ከዘመድ ሊያገናኝ ይችላል፤ የአያቶችን ስም ግን አይናገርም። ከዚህም በላይ፣ ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ የሚወርሰው ግማሹን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከአሥር ትውልድ በፊት ከነበሩት አያቶቻችን ብዙዎቹ በሰውነታችን ውስጥ አንዳችም ምልክት አልተዉም። አያትነታቸው ግን አልተሻረም። ስለዚህ «ደሜ ላይ አልተገኘም» ብሎ ዘመድን መካድ፣ «ተገኘ» ብሎም በአንድ ጊዜ ራስን መስፍን ማድረግ፣ ሁለቱም ያው ስሕተት ናቸው።

ርስት ባለበት እናት ትቆጠር ነበር

የእናትን ወገን መርሳት የኢትዮጵያ ሁሉ ልማድ አይደለም። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች የኖረ ገበሬ፣ መሬት ለመካፈል ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት፤ ርስትም በአባትም በእናትም በኩል ይወርድ ስለ ነበረ፣ የእናቱን እናት አባት ማወቅ ለእርሱ የእርሻ ጉዳይ ነበረ። አንድ ሰው በአባቱ በኩል ያጣውን መሬት በቅድመ አያቱ በኩል ሊያገኘው ይችላል። በዚህም የተነሣ አዋቂ የተባለ ሽማግሌ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ስም ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ያውቅ ነበረ፤ ሙግትም በተነሣ ጊዜ ቃሉ እንደ ሰነድ ይቆጠር ነበረ። ንባብና ጽሕፈት ያለበት ቤት ደግሞ የልጆቹን ልደት በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍር ነበረ።

ይህ ሁሉ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተለወጠ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስት ቀረ። አዋጁ ብዙ ጭሰኛን ነጻ ያወጣ ትልቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ከርስቱ ጋር ግን የትውልድ ዕውቀቱ ጥቅም አብሮ ወደቀ። የሚሟገትበት ነገር ያጣ ሽማግሌ የሚያስተምረው ልጅም አጣ።

በወለጋ ግን የመሬት መብት አስቀድሞ ቦታውን ከያዘው አባት የሚወርድ፣ በወንድ በኩልም የሚሄድ ስለ ነበረ፣ የአባት ቆጠራ በጣም የጠነከረ ሆነ፤ የእናቶቹ ስም ለጉዳይ አልተፈለገም። ሰው የሚያስታውሰው የሚያስፈልገውን ነው። ዛሬ በነቀምቴ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ምስክሮች ይዞ ሲቀርብ፣ ምስክሮቹ ሟቹን የሚያውቁት በአባቱ ስም ነው፤ እናቱ ማን ነበረች ቢባሉ ግራ የሚጋቡት ብዙዎች ናቸው።

*«ሰው የሚያስታውሰው የሚያስፈልገውን ነው»*

ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች

በወለጋ የጽሑፍ ማስረጃ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። የኩምሳ ሞሮዳ ቤት ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና ከሌሎች ሹማምንት ጋር የተጻጻፋቸው በመቶ የሚቆጠሩ የአማርኛ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተዋል። እነዚህንም ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ኢትዮጵያዊው የታሪክ ሊቅ ተሰማ ታኣ አሰናድተው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል።

ከእንዲህ ዓይነቱ የዘመኑ ደብዳቤ አንዱን በዓይነ ኅሊና እንመልከት። በወረቀቱ ራስ ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ማኅተም ታትሟል፤ ከሥሩ «ይድረስ ከደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር» ይላል፤ ስለ ጤና ተጠይቆ፣ ስለ እግዚአብሔር ምስጋና ተነግሮ፣ ከዚያ ነገሩ ወደ ወርቁ፣ ወደ ወሰኑ፣ ወይም ወደ አንድ አቤቱታ አቅራቢ ጉዳይ ይገባል። ትውልድ ፈላጊው ልቡ የሚሰቀለው በማኅተሙ ላይ ነው፤ ትልቁን ስም ይፈልጋልና። ነገር ግን ለተራ ቤተሰብ የሚጠቅመው ከመካከሉ ያለው ነው፤ «እገሌ የተባለው ሰውህ መሬቴን ወሰደብኝ ብሎ ጮኸ» የሚለው ዐረፍተ ነገር። ያ እገሌ የአንድ ሰው ቅድመ አያት ነው። የመልእክተኛው፣ የባለ እዳው፣ የተበዳዩ ስም ተለቅሞ በፊደል ተራ ቢቀመጥ፣ በጉቶ ጊዳና በአካባቢው ወረዳዎች ያሉ ብዙ ቤተሰቦች የእነርሱን ሰው ያገኙ ነበር። ይህን ሥራ ለመሥራት ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የቀረበ የለም፤ ቋንቋውንም አገሩንም ያውቁታል።

ከሌቃ እስከ ሸዋ

በእናት በኩል መወለድ በቤተ መንግሥት ጭምር ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከወራ በከሬ ቤት ራሱ ይገኛል። የደጃዝማች ሀብተ ማርያም ልጅ ልዕልት ማኅፀንተ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴን አገቡ፤ ልዑል ኤርምያስንም ወለዱ። ሐረጉ ሲቆጠር በከሬ፣ ሞሮዳ፣ ኩምሳ፣ ሀብተ ማርያም፣ ማኅፀንተ፣ ኤርምያስ ይሆናል፤ ስድስት ትውልድ። በአባት ብቻ የሚቆጥር ሽማግሌ ግን ይህን ሐረግ በሀብተ ማርያም ላይ ያቆመዋል፤ ኤርምያስም ለእርሱ የሸዋ ሰው ናቸው። ከወራ በከሬ ልጆች መካከል በዓለም ዘንድ ከታወቁት አንዱ የሆኑት እኒህ ሰው፣ በአባት ቆጠራ የወራ በከሬ አይደሉም።

በምዕራብ ወለጋ የሌቃ ቄለም ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ቤትም እንዲሁ ከዘውዱ ጋር ተጋብቷል፤ ከዚያ ዘር የሚወለዱት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ደጃዝማች ካሣ ወልደ ማርያም፣ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ነበር ያገቡት።

የዘውዱስ ሐረግ ራሱ እንዴት ነበረ? በ1923ቱና በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ እንደሚወርድ ተጽፎ ነበር። እውነት ነው፤ ግን የወረደው በሴት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አባት ራስ መኰንን የተወለዱት ከደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ሲሆን፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የሚያገናኛቸው እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የኢትዮጵያ ዘውድ ሕጋዊነቱን በአያት በኩል ከተቀበለ፣ የኡኬው ቡና ነጋዴ የእናቱን እናት ቢቆጥር ምን ያሳፍረዋል? ኤድዋርድ ሣልሳዊም ቢሆን የፈረንሳይን ዘውድ ይገባኛል ብሎ መቶ ዓመት ያህል የዘለቀ ጦርነት የከፈተው፣ እናቱ የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ስለ ነበረች ነው።

*«የኢትዮጵያ ዘውድ ሕጋዊነቱን በአያት በኩል ተቀብሏል»*

ቆጠራው የሸፈናቸው

ስለ ነገሥታት ዘር የሚጽፍ ሰው ስለ ባሮች ዘር ዝም ካለ የጻፈው ግማሹን ነው። ወለጋ የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የቡና ብቻ ሳይሆን የሰው ንግድም መንገድ ነበረች። በልጅነታቸው የተሸጡ፣ በትልልቅ ቤቶች ያገለገሉ፣ ከጌቶቻቸውም የወለዱ ሴቶች ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ የኦሮሞ ሕግ እንግዳን በሞጋሳ ወደ ጎሳው፣ ልጅን በጉዲፈቻ ወደ ቤቱ ያገባል፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊውን አባቶች እንደ ገዛ አባቶቹ ይቆጥራል፤ ይህንም የሚያስታውሰው ሰው ነውር ይሆንበታል። ይህ ሥርዓት ትልቅ ቸርነት ያለበት ነው። የመጣበትን ቤት ስም ግን ያጠፋል።

አንዳንዱ ግን አልጠፋም። በኢሉባቦር ሁሩሙ የተወለደው ሂካ የተባለ ልጅ በሕፃንነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በዚያ ነጻ ወጣ። ይህ ልጅ አድጎ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተረጎመ፤ ትርጉሙም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እ.ኤ.አ. 1931 ድረስ በዚያው ሲያስተምር ኖረ። የኩምሳ ሞሮዳ ቤትና የኦኔሲሞስ ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ነበሩ። ዛሬ የነቀምቴ ሰው በሁለቱም ይኮራል፤ ሂካ ግን አንድ ነው፤ ስማቸው ያልተጻፈው ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱም የዛሬው ሕዝብ አያቶች ናቸው።

ባለ ሁለት ገጽ ደብተር

በነቀምቴ የምትኖር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቤተሰቧን ትውልድ ለመጻፍ ባለ መስመር ደብተር ገዝታ፣ በግራው ገጽ አባቶችን፣ በቀኙ ገጽ እናቶችን ታሰፍራለች። የግራው ገጽ በአንድ ምሽት ሞላ፤ አጎቷ ሰባቱንም አባቶች ሳያቋርጡ ነገሯት። የቀኙ ገጽ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ አያቷ አንድ ስም ይናገራሉ፤ ከዚያ ሽንኩርት እየላጡ፣ ወይም ጀበናውን ከእሳት እያወረዱ፣ ሌላ ስም ትዝ ይላቸዋል።

ከቀኙ ገጽ ሁለት ነገር ወጣ። የአያቷ አያት፣ በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚባለው፣ ከወራ በከሬ ቤት የተዳረች ሴት ናት። ከዚያው ገጽ ሌላዋ ቅድመ አያት ደግሞ የአባቷ ስም የማይታወቅ፣ በልጅነቷ ተገዝታ የመጣች ሴት ናት። አጎት የመጀመሪያዋ በትልቁ እንድትጻፍ፣ የሁለተኛዋ እንድትቀር ፈለጉ፤ ሐሳባቸውም ክፋት አልነበረበትም፤ ገና ያልተዳሩ ሴቶች ልጆች ስላሉ፣ ሽማግሌ በተላከ ቀን ይህ ነገር ቢነሣ ጋብቻ ያፈርሳል ብለው ሠግተዋል። በዚህ አገር ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ልጅቷ ግን ሁለቱንም በአንድ ልክ ጻፈቻቸው። አያቷም ደብተሩ ሲነበብላቸው ሰምተው፣ የሁለተኛዋ ስም በትክክል እንዳልተጻፈ ተናግረው ፊደሉን አሳረሟት።

የወራ በከሬዋ ሴት ነገር ገና በወሬ ደረጃ ነው። በእርግጥ የማን ልጅ እንደ ነበረች የሚያውቁት፣ አሉ ከተባለ፣ በአርጆ የሚኖሩት የእኅቷ ልጅ ልጆች ናቸው። ክረምቱ አልፎ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ፣ ልጅቷና አያቷ የዴዴሳን አቅጣጫ ይዘው ወደዚያው ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ አጎትም አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል።